ስልኩ ሲዘጋ ከልጁ ጋር ምን ይቀራል?

(ለሕፃናት ልጆቻችን የምንጭናቸውን «የትምህርት አፖች» ስለመመዘን በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

  

 በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ገና ትምህርት ቤት ስላልገቡ፣ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ስላሉ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ስላላቸው ልጆቻችን ነው። ጉዳዩ በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን ቁጭ ብለን የማንመክርበት ጉዳይ ነው። ይኸውም «ትምህርት ነው» እያልን በስልካችን ላይ የምንጭንላቸው አፕ በእርግጥ ትምህርት መሆኑን የምናውቀው በምንድን ነው? የሚለው ነው።

ከሾላ ገበያ ጀምሮ በኮተቤ መንገድ ብትሄዱ፣ ወይም ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ብትወጡ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከዐሥር ሰላት እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት በብዙ ቤት የሚታየው ተመሳሳይ ነው። እናት እሳት ላይ ናት፤ አባት ከሥራ አልገባም፤ ትንሹ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ የእናቱን ስልክ ይዟል። «ምን እያደረገ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ፊደል እየተማረ ነው» ወይም «አሊፍ ባ ጭኜለት ነው» ትባላላችሁ። ልጁ ዝም ብሏል፤ ቤቱ ሰላም ነው፤ እናትም ልቧ አርፏል።

ይህ ልማድ የተስፋፋበት ምክንያት አለው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ል በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በአዲስ አበባ ትምህርቱ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ወደየቤቱ ገባ። ከዚያ በፊት ስልክ ለወላጅ መደወያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በብዙ ቤት ውስጥ እንደ ክፍል ተቆጠረ። ትምህርት ቤቶቹ ከተከፈቱ በኋላም ስልኩ በልጁ እጅ ቀረ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ልጃችንን ለቁርኣን ኡስታዝ ስንሰጥ፣ ኡስታዙ ማነው? የት ቀራ? ጠባዩ እንዴት ነው? ልጅ ይመታል ወይ? ብለን ጎረቤት እንጠይቃለን። መዋዕለ ሕፃናት ስናስገባም ግቢውን አይተን፣ መምህሯን አናግረን ነው። አፕ ግን ማንነቱን የማናውቀው አስተማሪ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን ብቻ አንብበን ልጃችንን እናስረክበዋለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን ጠባቂ መሆናችንንና በተሰጠን አደራ እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ልጅ አማና ነው። አማናን ደግሞ የሚረከበው ማን እንደሆነ ሳያውቁ አሳልፎ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ለዚህም አንድ መመዘኛ ይዘን እንሂድ፤ እርሱም፦ አፕ የሚመዘነው ልጁ ስልኩን ይዞ ሳለ በሚያደርገው አይደለም፤ ስልኩ ሲዘጋ ከልጁ ጋር በሚቀረው ነው።

ስም ማስረጃ አይሆንም

«ትምህርታዊ» የሚለውን ቃል አፑ ላይ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ አፑን የሠራው ሰው ራሱ ነው። ነጋዴ ስለ ዕቃው ሲናገር ደግሞ ምን እንደሚል እናውቃለን። ከስልኩ ዘመን በፊት «ቤቢ አንስታይን» የሚባሉ ለጨቅላ ሕፃናት የተዘጋጁ የቪዲዮ ክሮች በአሜሪካ በብዛት ይሸጡ ነበር። ለሕፃናት አእምሮ ይጠቅማሉ ተብለው ሲወደሱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባለቤቱ ዲስኒ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ለገዙ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን ለመመለስ ፈቃደኛ ሆነ።

ስለ አፖችም የተጠና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካቲ ኸርሽ-ፓሴክና ባልደረቦቿ የተባሉ የሕፃናት ትምህርት ተመራማሪዎች፣ ሕፃን ልጅ እንዴት እንደሚማር ከዚያ በፊት የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው አራት ነጥቦችን አወጡ። እነርሱም፦ ልጁ ጣቱን ብቻ ሳይሆን አእምሮውን የሚያሠራ መሆኑ፤ ሐሳቡ ከትምህርቱ ወደ ሌላ የማይበተን መሆኑ፤ የሚማረው ነገር በኑሮው ከሚያውቀው ጋር የሚያያዝ መሆኑ፤ አራተኛው ከሰው ጋር የሚያነጋግረው መሆኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ «ትምህርታዊ» ተብለው በብዛት የሚወርዱ 124 አፖች በእነዚሁ አራት ነጥቦች ሲመዘኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛ ውጤት አገኙ። በብዛት መውረዳቸው ጥሩ አላደረጋቸውም ማለት ነው።

እስላማዊ ስምም ቢሆን ከመመርመር አያድንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለ የዜና አውታር፣ የሰላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው ታዋቂው ሙስሊም ፕሮ የተጠቃሚዎቹን የመገኛ ቦታ መረጃ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ድርጅት እንደሚያስተላልፍ፣ ከዚህ ድርጅት ደንበኞች መካከል ደግሞ የአሜሪካ ጦር ኃይል ተቋራጮች እንዳሉበት ዘገበ። ሙስሊም ፕሮም ከዘገባው በኋላ ከድርጅቱ ጋር የነበረውን ግንኙነት ማቋረጡን አስታወቀ። ይህን የምናነሣው ሰዎችን ለማስፈራራት አይደለም። በአረንጓዴ ቀለምና በመስጂድ ሥዕል ያጌጠ ሁሉ ታማኝ አይደለም ለማለት ብቻ ነው። አንድ የሕፃናት አሊፍ ባ ማስተማሪያ አፕ «ያለህበትን ቦታ ልወቅ»፣ «የስልክ ቁጥሮችህን ልይ» ቢላችሁ፣ ፊደል ለማስተማር ይህ ምን ይጠቅመዋል? ብላችሁ ጠይቁና አትፍቀዱ።

ከወንጪና ከወለንጪቲ የተገኘ ትምህርት

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ እንዳይመስለን፣ በአገራችን የተደረገ አንድ ሙከራ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ በኦሮሚያ ክልል በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌቶችን ሰጠ። በየመንደሩ ሃያ ያህል ልጆች ነበሩ። አስተማሪ አልተመደበላቸውም። ታብሌቶቹ በታሸገ ካርቶን ተቀመጡላቸው፤ በፀሐይ ኃይል እንዲሞሉ ተደረገ፤ በውስጣቸው በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ብዙ አፖች ነበሩ።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ የማብሪያውን ቁልፍ አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፖችን ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ የፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶባቸው የነበረውን የታብሌቱን ካሜራ በራሳቸው ከፈቱት። ይህ ወሬ በዓለም ተሰማ። በእርግጥም ያስደንቃል፤ የገጠር ልጅ አእምሮ ከማንም እንደማያንስ ያሳያል፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ነገር ግን ወላጅ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። ስልክ መክፈት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማንበብ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞ በሚነገርበት መንደር የእንግሊዝኛ የፊደል መዝሙር የሚዘምር ልጅ፣ ዜማውን ያዘ እንጂ በእናቱ ቋንቋ ማንበብን አልተማረም። እኛም በየቤታችን የምንሳሳተው በዚሁ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ስልኩን እንደ ትልቅ ሰው ሲያገላብጥ አይተን «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነው» እንላለን። ጎበዝ መሆኑ እውነት ነው። ጉብዝናው ግን በስልኩ ነው ወይስ በትምህርቱ? የሚለውን አልጠየቅንም።

ከዚህ ጋር የታንዛኒያውን ሙከራ እናስተያየው። «ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ» በተባለ ውድድር በታንጋ አካባቢ በሚገኙ 170 መንደሮች፣ ትምህርት በቅጡ ላልደረሳቸው ልጆች በራሳቸው ቋንቋ በስዋሂሊ የተዘጋጁ ማስተማሪያዎች በታብሌት ተሰጡ። በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት አንዲት የስዋሂሊ ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር። ከ15 ወር በኋላ የማይችሉት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ዋንቢሊየንና ኪትኪት ስኩል የተባሉ ሁለት ቡድኖች ሽልማቱን ተካፈሉ። እነዚህ ልጆች ከእኛ ሕፃናት በዕድሜ ከፍ ያሉ ናቸው። ቢሆንም ሁለት ነገር ያስተምሩናል። ትምህርቱ በልጁ ቋንቋ ነበር፤ ውጤቱም የታወቀው ልጁ ታብሌቱን ሲነካካ በማየት ሳይሆን ሲያነብ በመፈተን ነው። ለግማሾቹ ግን ይህም በቂ እንዳልነበረ አንርሳ።

በራሳችን አገርም በልጆች ቋንቋ የመሥራት ጅምር አለ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበችው ቀጭኔዋ ፀሐይ፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት ስንት ሕፃናትን በአማርኛ እንዳነጋገረች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

የፊደል አፕ እንዴት ይመዘናል?

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። የአማርኛ ፊደላችን 33 ዋና ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱ በሰባት ቅርጽ ሲወጣ 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ የሚዘምር ልጅ አለ። ዜማው ካለቀ በኋላ ግን «ቡ የቱ ነው?» ብትሉት ከ«በ» ጀምሮ ቆጥሮ ካልደረሰበት አያገኘውም። ይህ ልጅ ዜማ እንጂ ፊደል አላወቀም።

ስለዚህ ጥሩ የፊደል አፕ የሚባለው ፊደላቱን በተራ ብቻ የማያሳይ፣ እየቀላቀለ የሚጠይቅ ነው። ከዚህም በላይ የፊደሉን ሥርዓት የሚያሳይ ቢሆን የተሻለ ነው። በ፣ ከ፣ ለ ወደ ቡ፣ ኩ፣ ሉ ሲለወጡ በቀኝ ጎናቸው ወገብ ላይ አንዲት ጭረት ትጨመራለች። ይህችን የተረዳ ልጅ 33ቱን ካዕብ አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ብዙዎቹን ራሱ ያወጣቸዋል። ልጁ ሲሳሳት አፑ ምን እንደሚያደርግም ተመልከቱ። አንዳንዱ «ተሳስተሃል» ብሎ ይጮኽና ያልፋል። አንዳንዱ ልጁ የትኛውንም ቢነካ ያጨበጭባል። ሁለቱም አላስተማሩም። የሚያስተምረው ስህተቱን አሳይቶ እንደገና የሚያስሞክረው ነው።

ምሳሌዎቹንም እዩ። ፊደሉን ለማስረዳት የሚመጣው ሥዕል ልጁ የሚያውቀው ነገር ነው ወይ? የየካ ልጅ ቀና ብሎ ሲያይ እንጦጦን ያያል፤ ባሕር ዛፍ ያውቃል፤ ከተራራው የማገዶ ሸክም ይዘው የሚወርዱ እናቶችን ያውቃል፤ በክረምት የሚወርደውን ጉም ያውቃል። ለ«ባ» ባሕር ዛፍ፣ ለ«ጉ» ጉም ቢባል ወዲያው ይገባዋል። አይቶት በማያውቀው ፍሬና እንስሳ የሚጀምር አፕ ግን ልጁን በአንድ ጊዜ ሁለት እንግዳ ነገር ያሸክመዋል።

የአሊፍ ባ አፕስ?

በዚህ ላይ ሙስሊም ወላጆች በተለየ መጠንቀቅ ይኖርብናል። የዐረብኛ ፊደላት 28 ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ በአማርኛ ንግግራችን የሌሉ ድምፆች አሉ። በአማርኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሲጻፉ ይለያያሉ እንጂ ስንናገራቸው አንድ ናቸው፤ አ እና ዐም እንዲሁ። በዐረብኛ ግን የሐ፣ የሀና የኸ መውጫ (መኽረጅ) የተለያየ ነው። ዓይንና ሐምዛም አንድ አይደሉም። ሲንና ሷድም እንዲሁ።

የአራት ዓመቱ ልጃችን አፑ ከፍቶ «ሐ» ሲባል ይሰማል። ጆሮው የለመደው የአማርኛውን ነውና «ሀ» ብሎ ይደግመዋል። አፑ ያጨበጭብለታል፤ ምክንያቱም አብዛኛው አፕ ያሰማል እንጂ አይሰማም። ልጁ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ስህተቱን ያጠነክራል። በሰባት ዓመቱ ሰላት ስታስተምሩት ፋቲሓ ላይ «ሐምድ» የሚለው ቃል ውስጥ ያለውን ሐ፣ «ሲራጥ» የሚለው ውስጥ ያለውን ሷድ ለማቃናት ኡስታዙ ከአዲስ ከሚጀምር ልጅ ይልቅ በእርሱ ላይ ይደክማል። ለዚህ ነው ቁርኣን ከጥንት ጀምሮ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው። በወሎም ሆነ በሌላው አገራችን ልጅ ሉሑን ይዞ ከሸኹ ፊት ይቀመጥ የነበረው ሸኹ እንዲያሰማው ብቻ አልነበረም፤ እንዲሰማውም ጭምር ነው።

ይህ ማለት አፑ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጥሩ ቃሪእ በትክክል የቀራበት፣ የፊደሉን ቅርጽ አጥርቶ የሚያሳይ አፕ፣ ልጁ ከኡስታዙ የተማረውን ቤት ሲደርስ እንዲያዳምጥ ይረዳዋል። አፑ ከኡስታዙ በኋላ ይምጣ፤ ኡስታዙን አይተካ። ከመጫናችሁ በፊትም ኡስታዙ ለአምስት ደቂቃ እንዲያዳምጠው አድርጉ። በተጨማሪም ቁርኣን እየተቀራ ሳለ መሃል ላይ የሙዚቃ ማስታወቂያ የሚያስገባ፣ ወይም የቁርኣንን አያ እንደ ጨዋታ ደወል የሚያጮኽ አፕ አደቡን ያጎደለ ነውና ከስልካችሁ አውጡት። ሕፃኑ ከቃሉ በፊት ለቃሉ የሚሰጠውን ክብር ነው የሚማረው።

ማስታወቂያ፣ ገንዘብና ጊዜ

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ዕድሜያቸው አምስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ከሚጠቀሙባቸው 135 አፖች ውስጥ 129ኙ ማስታወቂያ ነበረባቸው። አንዳንዱ ጨዋታውን አቋርጦ የሚገባ ቪዲዮ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ልጁ የወደደው የጨዋታው ገጸ ባሕርይ ካልተገዛለት ያለቅሳል። የአራት ዓመት ልጅ ማስታወቂያና ትምህርት መለየት አይችልም። እናት «ፊደል እየተማረ ነው» ስትል፣ ልጁ ጓዳ ሆኖ ለዓይኑ የማይገባ ሥዕል እያየ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አፑን ከጫናችሁ በኋላ ዳታውንና ዋይፋዩን ዘግታችሁ ክፈቱት። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ አብዛኛው ማስታወቂያ አይገባም፤ ካርዳችሁም አይበላም። ያለ ኢንተርኔት እምቢ ካለ፣ አንድ ሕፃን ፊደል ለማጥናት ኢንተርኔት ለምን አስፈለገው? ብላችሁ ሌላ ፈልጉ። ዛሬ ደግሞ ስልካችን ቦርሳችን ጭምር ነው፤ የቴሌብርም ሆነ የባንክ አፕ ተከፍቶ እያለ ስልክ ለሕፃን አይሰጥም።

ስለ ጊዜውም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከነጭራሹ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚሻል መክሯል። ስለዚህ አፑ እንዴት እንደሚያበቃ እዩ። ጥሩው ትምህርቱ ሲያልቅ ያበቃል። መጥፎው አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ይከፍታል፤ ስጦታና ኮከብ እያሳየ «አትሂድ» ይላል። ልጃችሁ ስልኩ ሲወሰድበት በየቀኑ መሬት ላይ ተንከባሎ የሚያለቅስ ከሆነ፣ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት አፑን ጠርጥሩ።

ለደከመች እናት

እዚህ ላይ «አጠገቡ ተቀምጬ የማስጠናበት ጊዜ የት አለኝ?» የምትል እህት እንዳለች እናውቃለን። ጉሊት ውላ፣ ወይም ሰው ቤት ሠርታ፣ ውሃ ቀድታ፣ ራት የምታበስል እናት ናት። ለእርሷ የምንለው ወቀሳ አይደለም። ልጁን እሳት እንዳይነካ ሃያ ደቂቃ በስልክ ማቆየት ካስፈለገሽ አቆዪው። ነገር ግን ማቆያ ነው በዪው፤ ትምህርት ነው አትበዪው። ማቆያ መሆኑን ያወቀች እናት ጊዜውን ታሳጥረዋለች። ትምህርት ነው ብላ ያመነች ግን «ይማር» እያለች ሁለት ሰዓት ትተወዋለች። ጉዳቱ የሚመጣው ስሙን ከመሳሳት ነው።

ትምህርት እንዲሆን ከተፈለገ ግን ከልጁ ጎን አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የግድ የተማረ መሆን የለበትም። አምስተኛ ክፍል ያለች ታላቅ እህት ትበቃለች። ማንበብ የማትችል አያትም ትበቃለች፤ «ይህ ምንድን ነው? ንገረኝ እስኪ» ብላ ብትጠይቀው፣ ልጁ አስተማሪ ሆኖ ይነግራታል፤ የሚነግራትም ነገር በልቡ ይቀመጣል። አባቶችም ይህን ለእናት ብቻ አትተዉት። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ የራሳችሁን ስልክ አስቀምጣችሁ ዐሥር ደቂቃ ከልጁ ጎን ብትቀመጡ፣ ብቻውን ከሚቀመጥበት ሰዓት ይበልጣል።

ለመሆኑ ስልክ ሳይመጣ ሕፃን እንዴት ይማር ነበር? ማታ «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ፣ መልሱ ሲጠፋው አገር እየሰጠ፣ ያስብ ነበር፤ ሰው ፊቱ ነበር። በጠጠር ይቆጥር ነበር። በ2013 ዓ.ል መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ መሄድ ገንዘብ ይጠይቅ ይሆናል። ከቤት ደጃፍ የወደቀ የባሕር ዛፍ ፍሬ ግን በነፃ ነው። አምስቱን ደርድሮ ሁለቱን ሲያነሳ ሦስት መቅረቱን በእጁ የዳሰሰ ልጅ፣ ኋላ በስክሪን ላይ የሚያየው ቁጥር ይገባዋል።

በአንድ ሳምንት የሚደረግ ምዘና

አድማጮቻችን፣ ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ ሳምንት የሚፈጸም ምዘና እናስታውሳችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ልጁ ሳያይ ራሳችሁ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት፤ እያወቃችሁ ተሳሳቱ፤ አፑ ምን እንደሚል ስሙ።

በሁለተኛው ቀን ዳታ ዘግታችሁ ሞክሩት፤ የጠየቃችሁንም ፈቃድ ተመልከቱ።

በሦስተኛው ቀን የአሊፍ ባ ከሆነ ለኡስታዙ፣ የአማርኛ ከሆነ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ አሳዩ።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ከልጁ ጎን ሰው አስቀምጣችሁ በቀን ዐሥራ አምስት ደቂቃ አስጠኑት።

በሰባተኛው ቀን ስልኩን ዝጉትና አስቀምጡት። ጋዜጣ ወይም መጽሔት ዘርጉና «ያን ፊደል እዚህ ውስጥ ፈልገህ አሳየኝ» በሉት። በአመድ ወይም በአሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፈው። የዐረብኛ ከሆነ ለኡስታዙ ያሰማ። ፊደሉን ከስልኩ ውጪ ካገኘው አፑ ረድቷል፤ አቆዩት። ስልኩን ካልሰጣችሁኝ አላውቀውም ካለ፣ ያወቀው አፑን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለምና ያለ ጸጸት አጥፉት። አንድ የተመረመረ አፕ ካልተመረመሩ ሃያዎች ይሻላል።

በጎረቤትም ተረዳዱ። አንዷ እናት የመረመረችውን ለሌላዋ ትንገር፤ በመስጂድ ከዙህር በኋላ፣ በሰፈር ቡና ላይ ይህ ወሬ ይሁን። በየካ ብቻ አይደለም፤ በየትም ቢሆን ልጅ የሚያሳድግ ቤት ሁሉ የሚያጣራው አንድ ነገር ነውና።

በመጨረሻም፣ ልጆቻችን በዚህ ዕድሜ የሚቀረጽባቸው ነገር ቶሎ አይለቅም፤ መልካሙም፣ መጥፎውም። ስልክን ማገድ አንችልም፤ እኛም ይዘነዋልና። መመርመር ግን እንችላለን። አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጣቸው፤ እኛንም የተሰጠንን አማና ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።